እትዬና ባለ አሥራ ሁለት መርፌዋ ማሽን

ማሽኗን የገዛሁት ሥራዬን ላሰፋ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። የገዛኋት እትዬ ጥላኝ እንዳትሄድ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልነቀልኩም ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የገሰጸችኝም እሷ፤ ደሜ ሲፈላ ቁጭ ብላ የምትስቅብኝም እሷ። ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በሸማኔዎቹ መደዳ፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ የሆነች አንድ ክፍል ሱቅ አለችን። ሰው የሸማ ቀሚሱን ለማስጠለፍ ወደ እኛ ይመጣል። ወደ እኛ ስል፣ ማለቴ፣ ወደ እትዬ ነው። እኔ ዋጋ እነጋገራለሁ፣ ክር እገዛለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ። እሷ ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥራ፣ ባለ መርገጫው የስፌት ማኪና ሥር እያዞረች፣ በእርሳስ ምንም ሳትነድፍ የወይን ሐረግ ታወጣለች። እኔንም ልታስተምረኝ ያልሞከረችው ነገር የለም። የኔ ሐረግ ግን ሁልጊዜ የተረገጠ ጎመን ነው የሚመስለው። እሷው ናት እንዲህ ያለችው።

ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ትንሽ ተሻላት፣ ደግሞ ባሰባት። ሴት ልጇ ደሴ ነው ያገባችው፤ ልጆችም ወልዳለች። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትደውልና "እማዬ፣ ይብቃሽ፣ ነይ" ትላታለች። እትዬም "እጄ የሰው ጨርቅ ያበላሸ ቀን እመጣለሁ" እያለች ታሳልፈው ነበር። አንድ ቀን አበላሸ። የሙሽራ ቀሚስ ደረት ላይ መርፌው ሸሽቷት ጨርቁን ቀደደችው። ጨርቁን ቀስ ብላ አጣጠፈችና ጭኗ ላይ አድርጋ "በቃ" አለች። ቀሚሱን በሌላ ተክተን፣ ሙሽራዋን ይቅርታ ጠይቀን ሸኘናት።

እኔ ደግሞ "በቃ" የሚባል ነገር አልወድም። እትዬ ሥራ ስላጣች ነው የምትሄደው፤ ሥራ ካገኘች ትቀራለች፤ እንዲህ ነበር የገባኝ። እጅ የማይፈልግ ሥራ የት ይገኛል ስል ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ስለ ኮምፒውተር ጥልፍ ነገረችኝ። ማሽኗ ራሷ ትጠልፋለች፣ ሰው ክሩን መርጦ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው አለችኝ። አፌን ከፍቼ ሰማኋት። ቁልፍ መጫን የሚንቀጠቀጥ እጅም አያቅተውም። እቁቡ እንደ ወጣልኝ ማንንም ሳላማክር መርካቶ ወረድኩ።

እዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ ስናገር ልቤ ይዘላል። ሻጩ ማብሪያውን ሲጫን ስክሪኑ በራ። አሥራ ሁለት መርፌ አንድ ጭንቅላት ላይ ተሰልፎ፣ ከላይ አሥራ ሁለት የክር እንዝርት እያንዳንዱ በየቀለሙ። ቀዩን ስትጨርስ ክሩን ራሷ ቀጭ አደረገችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ሸርተት አድርጋ ቢጫውን ጀመረች። ማንም አልነካትም። እትዬ ቀለም ለመቀየር ክር አውጥታ፣ ጫፉን በምራቋ አሹላ፣ ዓይኗን አጥብባ በመርፌው ቀዳዳ እስክታስገባ ስንት ጊዜ ቆሜ ጠብቄያታለሁ። ሳቄ መጣ። ሰው በሞላበት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሻጩ ጤነኛ መሆኔን የተጠራጠረ ይመስለኛል።

"ለማን ነው የሚወስዷት?" አለኝ።

"ለእህቴ" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፣ አመለጠኝ።

ማሽኗን የሞከረልኝ በጂንስ ቁራጭ ላይ ነበር። ጽጌረዳ ጠለፈች፤ አንድ ክር ያልተሳሳተበት ጽጌረዳ። እኔ ሽሮ ሜዳ ያደግሁ ሴት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሸማ ስነካ የኖርኩ፣ አንዲት ቁራጭ ሸማ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መሄድ አልታየኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እኔ ነኝ።

ማሽኗ በጭነት መኪና የመጣች ቀን ሰፈሩ ሥራ ፈታ። ሸማኔዎቹ ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው ወጥተው፣ ነጠላ ሻጮቹ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ከበቡን። እኔ ቀድሜ በሩን ለክቻለሁ፤ ማሽኗንም ለክቻለሁ። የቆመችበትን ብረት ግን አልለካሁም። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ግራ ብናዞራት እምቢ፣ ወደ ቀኝ ብናዞራት እምቢ። ሸማኔዎቹ የብረት እግሯን እንፍታ ሲሉ፣ አውራጆቹ "እኛ ማውረድ እንጂ መፍታት አልተስማማንም" አሉ። እኔም ጉዴ ፈላ ብዬ ከእነሱ ጋር አፍ መካፈት ጀመርኩ።

እትዬ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየን ነበር። "ምን ያጨቃጭቃችኋል" አለች፤ "ቆርቆሮውን ንቀሉታ። ግድግዳ እንደሁ ተመልሶ ይመታል።"

ተነቀለ። ጎረቤታችን ሸማኔ መዶሻ አምጥቶ የፊት ለፊቱን ቆርቆሮ ምስማር በምስማር ነቀለው። ከዚያ ወንዶቹ ትከሻቸውን ሰጡና፣ አንዱ "ያ አላህ"፣ አንዱ "በእመቤቴ"፣ አንዱ ደግሞ "በኢየሱስ ስም" እያለ፣ ማሽኗ እንደ ሙሽራ ተደግፋ ገባች። እትዬ እጇን አጨበጨበች። ደስታዋን ሳይ እኔም በልቤ፣ ይሄን ትታስ አትሄድም፣ አልኩ።

ከሻጩ ዘንድ የምታሠለጥን አንዲት ወጣት ተላከችልን። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ማስቲካ የማይለያት፣ ፈጣን ልጅ ናት። መጀመሪያ ላይ ማስቲካዋ አናደደኝ። ከዚያ እትዬ ያረጀ የራሷን ቀሚስ ከሻንጣ አወጣችና ደረቱ ላይ ያለውን የወይን ሐረግ አሳየቻት። ልጅቷ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። "ይሄን በእጅዎ ነው የሠሩት? ሳይነደፍ?" አለች። ፎቶ አንስታ ወሰደችውና ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ በፍላሽ ይዛው መጣች። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እትዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጣቷን ዘርግታ ቅጠል በቅጠል ተከተለችው፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ።

"ይሄኛው ቅጠል ትንሽ ጠማማ ነው፣ ላስተካክለው?" አለቻት ልጅቷ።

"ተይው" አለች እትዬ። "ወይን ቀጥ ብሎ አያድግም።"

ትእዛዝም ወዲያው መጣ። ከጳውሎስ ሆስፒታል በታች ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ፣ ሳቂታ ሴት፣ ለዘማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ ፈለገች። ደረቱ ላይ የእትዬ ሐረግ ይሁን፣ ግን ከአንዱ አንዱ እንዳይለይ አለች። በእጅ ቢሆን አይታሰብም፤ እጅ የሠራው እንደ እህትማማች ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይሆንም። አሁን ግን ባለ ማሽን ነኝ። አፌን ሞልቼ "ይደርሳል" አልኳት። "ጌታ ይባርክሽ" ብላኝ ሄደች። በውስጤ የማስበው ሌላ ነበር፤ ይሄ ሥራ ካማረ እትዬ ማሽኗ አጠገብ ወንበሯን ትዘረጋለች፣ ቀለም ትመርጣለች፣ ቁልፍ ትጫናለች፣ ደሴም ደሴ ሆና ትቀራለች። ካላማረ ግን የምለምንበት ምክንያት የለኝም።

ጨርቁን ጎረቤታችን ሸማኔ ሠርቶ አመጣልን። እኛም እንደ ልማዳችን ሁሉንም አጠብነው። ይሄን ለማያውቅ ልንገረው። ሸማኔ ድሩ እንዳይበጠስበት ክሩን በዱቄት ሙቅ ያጠጣዋል፤ ስለዚህ ሸማ ከእጁ ሲወጣ ደረቅ ነው፣ ይከረክራል። እትዬ ታዲያ ያልታጠበ ጨርቅ አትነካም። ሙቁ ለቆ፣ ጨርቁ ለስልሶ ካልሆነ ማኪናው ሥር እንደ ልቧ አይዞርላትም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ማጠብ ነው። እጥብ አድርጌ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ነፋስ አድርቄ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰውን ጨርቅ ማሽኗ ላይ በኩራት ወጠርኩት።

እትዬ "ቢስሚላህ" ብላ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኗ ተንጣጣች። ግንዱን ጠለፈች፣ ቅጠሉን ጀመረች። እኔ መጨፈር ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ጨርቁ መሸብሸብ ጀመረ። ቅጠሉ ዙሪያውን ሰበሰበው፣ ዘለላው ጋ ሲደርስ ጨርቁ ተጨማዶ የአሮጌ ሰው አንገት መሰለ። አወጣሁት። ሌላ ወጠርኩ። ያው። ልጅቷ ከጀርባው ወፍራም ወረቀት አደረገችበት፣ የማሽኗን ፍጥነት ቀነሰች፣ ክሩን አላላችው። ትንሽ ይሻላል እንጂ ያው። ወረቀቱ ባለበት ይቀራል፣ ጨርቁ ከላይ ይሸሻል።

አበድኩ። ስልኬን አንስቼ ሻጩን "ብልሽት ነው የሸጥክልኝ፣ ነገ መጥተህ ግድግዳዬን ነቅለህ ታወጣታለህ" አልኩት። እሱም በጨዋ ድምፅ "እሺ እመቤቴ፣ እስቲ ልጅቷን አገናኙኝ" አለኝ። ልጅቷን ደግሞ እዚያው "አንቺም ማስቲካሽን ትፊና ሥሪ" አልኳት። እትዬ ሳቀች። እኔ የሚያስቅ አልታየኝም። ያጠብነው ጨርቅ ሁሉ እዚያ ተቆልሏል፤ እትዬ ደግሞ ስልኳ ላይ የልጇን ልጆች ፎቶ ታይ ጀመር። ያንን ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስመለስ ልጅቷ ከሸማኔው ዘንድ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ለምና አምጥታለች። "ማሽኗ ትሁን ጨርቁ እንለየው" ብላ ወጠረችው። ማሽኗ ተንጣጣች፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። "ኧረ ይምጡ ይዩት" ስትለኝ ዞርኩ። ሐረጉ ዝርግ ብሎ ወጥቷል። አንድ መሸብሸብ የለም። ያው ሸማኔ፣ ያው ክር፣ ያው ማሽን። ሦስታችንም ተጠግተን አየነው። እትዬ ተቀበለችና በጣቶቿ መካከል አሸችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ይሄ አልታጠበም" አለች። ወደ ቁልሉ አየት አድርጋ ቀጠለች፤ "እኛኮ ጨርቁን አስርበነዋል። ለኔ ይለስልስልኝ ብለን ነው የምናጥበው። ማሽኗ ግን ምን ትጨነቃለች፣ እጅ የላትም። እሷ የምትፈልገው የማይሸሽ ነው።"

"እና ምን ይሻላል?" አልኩ፤ "ሁሉንም አጥበነዋል።"

"ሙቅ አፍሊ ነዋ" አለችኝ።

ሮጬ ዱቄት ገዛሁ። ከጎረቤት ትልቅ ድስት ተዋስን። እትዬ እያዘዘች፣ እኔ እያማሰልኩ፣ እንደ ወተት የቀጠነ ሙቅ አፈላን። ሸማኔው ገባና አይቶ "በሉ እንግዲህ ሥራዬን ልትነጥቁኝ ነው" ብሎ ሳቀብን፤ ግን ትንሽ ቀጭን ነው፣ አንድ እፍኝ ጨምሩበት አለን። ጨመርን። ጨርቁን ነከርን፣ ጨመቅን፣ ገመድ ላይ ሰቀልን፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ በካውያ ተኮስነው። ክንዴ ላይ ሳነሳው እንደ ወረቀት ቆመ። ዕድሜ ልኬን ሳስለቅቀው የኖርኩትን ሙቅ በገዛ እጄ መልሼ እያጠጣሁት ነው። እኔም ሳቄ ለቀቀኝ፤ ልጅቷም ሳቀች፤ ማስቲካ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኳት።

እትዬ ቁልፉን ተጫነች። ግንዱ ወጣ፣ ቅጠሉ ወጣ፣ ክሩ ቀጭ ተደረገ፣ ጭንቅላቷ ሸርተት አለ፣ ዘለላው በወይን ጠጁ ክር ፍሬ በፍሬ ይሞላ ጀመር። ጨርቁ አልተነቃነቀም። ዘለላው መሃል ላይ መብራት ሄደ። እኔ ራሴን ያዝኩ። መብራቱ ሲመጣ ልጅቷ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ማሽኗ ካቆመችበት ቀዳዳ አንድ ክር ሳትስት ቀጠለች። እኔ ሶላት ላይ ሐሳቤ ከተበተነ የት እንደ ነበርኩ እረሳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እየዘለልኩ እትዬን አቀፍኳት፣ እሷም አቀፈችኝ።

የመዘምራኑ ቀሚስ አንድ በአንድ ተጠለፈ፣ ታጠበ፣ ተተኮሰ። መሪያቸው መጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋችና ልዩነት ብትፈልግ አጣች። ጠማማዋ ቅጠል ሁሉም ላይ አለች፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥምዝ። ሴትዮዋ እትዬን ጉንጯን ስማ፣ በዚያው የእህቷን ሰርግ ልብስም አዘዘችን። ሸማኔው ሰምቶ ከአሁን በኋላ ጨርቄን ሳታጥቡ ነው የምትጠልፉት አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሠራ። እትዬ ትቀራለች።

የመዘምራኑን መሪ ሸኝተን ሱቁን ስንጠርግ፣ ወንበሯን ማሽኗ አጠገብ አስተካከልኩላት፣ ትራስም አደረግሁበት። "ከነገ ጀምሮ እዚህ ነሽ" አልኳት። "ክር መምረጥና ቁልፍ መጫን ያንቺ ነው። ወጠራውን እኔ እሠራለሁ፣ ሙቁንም እኔ። እጅሽ እንዳይደክም።"

እትዬ አልተቀመጠችም። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ።

"ምን?"

"አሁን ልሂድ ወይ?"

አልገባኝም። ወዴት አልኳት። ደሴ አለችኝ። ቁጣዬ እዚህ ድረስ መጣ። ለማን ብዬ ነው ታዲያ የገዛኋት፣ ሥራ እንዳታጪ ብዬ አይደል፣ እጅሽ ስለ ደከመ የማትረቢ እንዳይመስልሽ ብዬ አይደል እያልኩ ወረድኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ሁልጊዜም ትጠብቀኛለች።

"እኔኮ መሄድ የፈለግሁት እጄ ደህና ሳለ ነው" አለች። "የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ሲወለድ ጀምሮ። ግን ይሄ ሱቅ በኔ እጅ ነው የቆመው፣ አንቺ ደግሞ ጥልፍ እምቢ አለሽ። ብሄድ ምን ትበያለሽ? ልጄ ነይ ባለችኝ ቁጥር ምክንያት ስፈጥርላት ኖርኩ። ማሽን ገዛሁ ያልሽኝ ዕለት በልቤ፣ ይቺ ልጅ አወቀችልኝ አልኩ።"

እኔ ሥራ ላገኝላት ስሮጥ እሷ ከሥራው የምትወጣበትን ቀን ስትጠብቅ ነበር። ውለታ የዋልኩላት እኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስትውልልኝ የኖረችው እሷ ናት። ያሳደገችኝ ሴት፣ ስበላም ስተኛም ስቆጣም ፈቃዷን የጠየቅኳት ሴት፣ ቆማ ፈቃዴን ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ደግሞ የሚያስቀራት ሐዘን የለም። ደስታ ነው፤ ዓይኗ እንደ ልጅ ያበራል፣ እምቢ እንዳልላት ብቻ ነው የፈራችው።

"ሂጂ" አልኳት። "እኔ ምን እሆናለሁ፣ አሥራ ሁለት መርፌ አለልኝ።"

ሐሳቤን ሳልቀይር እዚያው ስልኳን አወጣች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሩን እኔ ደወልኩላት። ልጇ አነሳች፤ እትዬም ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም "መጣሁ" አለቻት። ከዚያ በኩል ልጆች ሲንጫጩ እኔ ድረስ ይሰማል። ልጇ እየጮኸች "መቼ? መቼ እማዬ?" ትላለች።

እትዬ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ እኔን አየችኝ።

"ነገ በያት" አልኳት።